የደመወዝ ጭማሪ ድርድር፦ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የሚጨመርበት ቦታም ይታይ

የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ በመጀመሪያ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር እንዲሆን መወሰኑ ይታወቃል። ከዚህ በኋላ በግል ድርጅቶች በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በልብስ ስፌት፣ በማሸግ፣ በመስተንግዶና በመሳሰሉት ዝቅተኛ ክፍያ ባላቸው ሥራዎች የተሰማሩ ዜጎች «ጭማሪው እኛንም ይመለከታል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። መልሱ፣ በቀጥታ አይመለከታቸውም የሚል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ ስኬል መንግሥት በአሠሪነቱ ለራሱ ሠራተኞች የሚወስነው ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በኅብረት ስምምነትና በሥራ ውል ነው።

አዋጁ በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የሠራተኞች፣ የአሠሪዎችና የሌሎች ባለድርሻ አካላት ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ በጥናት እያየ የአነስተኛ ደመወዝ መጠንን በየጊዜው ያሻሽላል። በግል ዘርፉ በሕግ የተወሰነ ወለል ሥራ ላይ በማይኖርበት ሁኔታ ግን የደመወዝ መጠን የሚወሰነው በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው። ይህም ማለት ዝቅተኛ ተከፋይ የሆነ ሠራተኛ ኑሮ በአብዛኛው የሚወሰነው ድርድሩ በሚመራበት መንገድ ነው። ድርድሩ ምን ያህል ተጨመረ በሚለው ብቻ ከተለካ፣ ምን ላይ ተጨመረ የሚለው ከባድ ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል።

ያልተከፈለውን ካልተጨመረው መለየት

ጭማሪ ከመጠየቅ አስቀድሞ መታየት ያለበት ነገር አለ። «ደመወዜ አነሰኝ» የሚለው አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድነት ሊይዝ ይችላል። አንደኛው ሠራተኛው በሕግ ወይም በውል የተረጋገጠለት ሆኖ ሳለ ያልተከፈለው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ገና ያልተስማሙበት፣ ወደፊት እንዲከፈለው የሚፈልገው ጭማሪ ነው። የመጀመሪያው መብት ስለሆነ ይጠየቃል እንጂ አይለመንም፤ ሁለተኛው ግን በድርድር የሚገኝ ነው።

በአዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከዚህ በላይ የተሠራ ሥራ ትርፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ሲሆን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሲሆን በ2.5 ይባዛል። በቀን 12 ሰዓት የሚቆም ጥበቃ ወይም በዓል ሳይል የሚሠራ የሆቴል ሠራተኛ ይህ ክፍያ በትክክል እየታሰበለት ካልሆነ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጭማሪ ሳይሆን ውዝፍ ክፍያውን ነው።

በዚህ ረገድ ጊዜ ወሳኝ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዓመቱ ሲያልቅ በአንድ ላይ ይታሰብልሃል» በሚል የቃል ተስፋ የሚጠብቅ ሠራተኛ የገንዘቡን ከፊል ሳያውቀው ሊያጣ ይችላል።

ሌላው መለየት ያለበት የግብር ለውጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የገቢ ግብር ሕግ ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ቀድሞ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበት የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ ምጣኔ የሚቆረጥበት 150 ብር ነው። በእጁ የገባው 157 ብር ከ50 ሳንቲም ከግብር ቅናሽ የተገኘ እንጂ አሠሪው የጨመረው አይደለም። በድርድር ላይ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

500 ብሩ የት ይጨመር?

በብዙ ዝቅተኛ ክፍያ ባላቸው የሥራ ቦታዎች ሠራተኛው በወር መጨረሻ የሚቀበለው ገንዘብ ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም። መሠረታዊ ደመወዝ፣ የትራንስፖርት አበል፣ የምግብ ድጎማ፣ ሳይቀሩ ለተገኙበት የሚሰጥ ማበረታቻና የምርት ቦነስ ተደምረው ነው። የአዋጁ አንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ አድርጎ ይተረጉማል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ልዩ ልዩ አበሎች፣ ቦነስና የመሳሰሉት በደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም። ይህ ልዩነት በተግባር ምን ያህል እንደሚመዝን በምሳሌ ማየት ይቻላል።

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መሠረታዊ ደመወዟ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ አለች እንበል። 150 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 210 ብር ተቀንሶ 2,640 ብር ይደርሳታል። አሠሪው 500 ብር ለመጨመር ፈቃደኛ ሆኗል።

ጭማሪው መሠረታዊ ደመወዝ ላይ ቢሆን ደመወዟ 3,500 ብር ይሆናል። ግብሩ 225፣ የጡረታ መዋጮው 245 ብር ሆኖ በእጇ የሚገባው 3,030 ብር ነው። ከ500 ብሩ ጭማሪ 390 ብር ደረሳት ማለት ነው። ጭማሪው ግብር በሚከፈልበት አበል መልክ ቢሆን ግን በአበሉ ላይ የጡረታ መዋጮ ስለማይታሰብ በእጇ የሚገባው 3,065 ብር ይሆናል። በዛሬው ስሌት አበሉ በ35 ብር ይበልጣል፤ ብዙ ሠራተኞችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ነገር ግን ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ጭማሪው በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ሲሆን 35 ብሩ በሠራተኛዋ ስም ለጡረታ ይገባል፤ አሠሪውም 11 በመቶ፣ ማለትም 55 ብር ይጨምርበታል። በየወሩ 90 ብር ለእርጅናዋ ዋስትና ገቢ ይሆናል። ከዚህም ሌላ፣ የወሩን ደመወዝ እንደተለመደው ለ208 ሰዓት በማካፈል ሲሰላ፣ በወር 20 ሰዓት የቀን ትርፍ ሰዓት ብትሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ከ433 ብር ገደማ ወደ 505 ብር ገደማ ያድጋል። ከግብር በፊት 72 ብር ያህል ልዩነት አለው፤ አበሉ ግን ይህን አያስገኝላትም። የዓመት ፈቃድ ክፍያዋም የሚታሰበው በደመወዟ ነው።

የሥራ ስንብት ክፍያ ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ሕጉ ክፍያውን በሚፈቅድበት ምክንያት ውሏ ቢቋረጥ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዟ በ30 ተባዝቶ ይከፈላታል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። አምስት ዓመት ያገለገለች ከሆነ በ3,000 ብር ደመወዝ 7,000 ብር ገደማ፣ በ3,500 ብር ደግሞ ከ8,160 ብር በላይ ታገኛለች። አበል በአሠራር ለውጥ ሊነሣ፣ አንድ ቀን በመቅረት ሊታጣ ይችላል። መሠረታዊ ደመወዝን ግን አሠሪው በራሱ ውሳኔ ብቻ ሊቀንሰው አይችልም።

ይህ ማለት አበል ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። ለቤት ኪራይና ለታክሲ ዛሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሠራተኛ አበሉን ቢመርጥ የሚነቀፍ አይሆንም። ቁም ነገሩ ምርጫው አውቆ የሚደረግ እንዲሆን ነው። ሁለቱንም ማጣጣም የሚቻልበት መንገድም አለ። ጭማሪው ከፊሉ በደመወዝ፣ ከፊሉ በአበል እንዲሆን፣ ወይም አበሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ መሠረታዊ ደመወዝ እንዲዞር መስማማት ይቻላል።

በጠረጴዛው ማዶ ያለው ስሌት

የተደራዳሪ ጥንካሬ የሌላውን ወገን ወጪና ገቢ ከመረዳት ይጀምራል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መሠረታዊ ደመወዝ ላይ የተጨመረው 500 ብር አሠሪውን 555 ብር ያስወጣዋል። አሠሪዎች ከደመወዝ ይልቅ በአበል መጨመርን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ሁሉንም ድርጅት እኩል አልነካም። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ አስገብቶ ምርቱን አገር ውስጥ የሚሸጥ ድርጅት ወጪው ከፍ ብሎበታል። ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨምሯል፤ ደመወዝ የሚከፍለው ግን በብር ነው። «የምንዛሪው ጉዳይ ጎድቶናል» የሚል መልስ ሲሰጥ፣ ድርጅቱ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በጥበቃና በጽዳት አገልግሎት ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም አገልግሎቱን የሚገዛው ተቋም ነው። ቀጣሪው ድርጅት ከተቋሙ ጋር በተዋዋለው ዋጋ ታስሮ ስለሚቆይ፣ በውሉ መካከል የሚቀርብ የጭማሪ ጥያቄ «ዋጋው አልተሻሻለም» በሚል መልስ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የአገልግሎት ውሉ የሚታደስበትን ጊዜ ማወቅና ጥያቄውን አሠሪው የዋጋ ማቅረቢያውን ከማዘጋጀቱ በፊት ማቅረብ የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

አሠሪውን የሚያሳምነው የኑሮ ውድነት ብቻ አይደለም። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሲለቅ አዲስ መቅጠር፣ ማሠልጠንና ሥራው እስኪለመድ በጥራትና በፍጥነት የሚታጣው ሁሉ ወጪ ነው። ሠራተኛው ከተቀጠረ ወዲህ የተጨመሩለትን ኃላፊነቶች፣ የሚያንቀሳቅሳቸውን ተጨማሪ ማሽኖች፣ ያለማመዳቸውን አዲስ ሠራተኞች፣ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ደመወዝ ዘርዝሮ ቢያቀርብ ጥያቄው ከልመና ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የሚታይ የክፍያ ልዩነት የጭማሪ ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው።

በግል ወይስ በኅብረት

አንድ ዝቅተኛ ተከፋይ ብቻውን ሲጠይቅ ትልቁ እንቅፋት ሥራዬን አጣለሁ የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት የሌለው ባይሆንም ሕጉ ገደብ አበጅቶለታል። አሠሪ የሥራ ውልን ማቋረጥ የሚችለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ ጭማሪ መጠየቅ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ የሠራተኞች ተወካይ ሆኖ መሥራት፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም በአንቀጽ 26 መሠረት ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያቶች አይሆኑም። ሆኖም እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ በሚችለው የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ጥበቃው የላላ መሆኑን ተገንዝቦ ጊዜውን መምረጥ ይኖርበታል።

ከግል ጥያቄ ይልቅ የኅብረት ድርድር የጠነከረ መሠረት አለው። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የሠራተኞቻቸው ቁጥር ከ10 በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩም በጋራ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ማኅበሩ ረቂቁን አዘጋጅቶ የኅብረት ድርድር በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ አሠሪው ጥያቄው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለባቸው፤ አማካሪ ይዞ መቅረብም ይፈቀዳል።

በግል የተጠየቀ ጭማሪን አሠሪው መልስ ሳይሰጥበት ሊያሳድረው ይችላል። በማኅበር የቀረበ የድርድር ጥያቄ ግን ለድርድር የመቅረብ ግዴታ ያስከትልበታል። ሕጉ አሠሪው «እሺ» እንዲል አያስገድድም፤ እንዲቀመጥና እንዲደራደር ግን ያስገድዳል። የኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር ለሦስት ዓመት ስለሚጸና፣ በየዓመቱ የደመወዝ ክለሳ እንደሚደረግ የሚገልጽ አንቀጽ ማስገባት ይጠቅማል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ከሌለ በመጀመሪያው ዓመት በቂ የመሰለው ጭማሪ በሦስተኛው ዓመት ትርጉሙን ሊያጣ ይችላል።

ድርድሩ ሳይሳካ ሲቀር

የደመወዝ ጭማሪን የሚመለከት የወል ክርክር በድርድር ካልተፈታ ጉዳዩ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም አግባብ ባለው የክልል አካል ለሚመደብ አስማሚ ይቀርባል። አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ወገኖቹን ለማስማማት ይሞክራል፤ ካልተሳካ ጉዳዩን ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ መውሰድ ይቻላል። ያልተከፈለ ደመወዝን፣ የትርፍ ሰዓትንና ሕገ ወጥ ስንብትን የመሰሉ የግል ክርክሮች ግን በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያሉ። ሠራተኞች ለእነዚህ አካላት የሚያቀርቧቸው የሥራ ክርክር ጉዳዮች ከአገልግሎት ክፍያ ነፃ ናቸው።

መልስ ዘገየ በሚል ስሜት ሥራ ጥሎ መውጣት ግን ሠራተኛውን የሚጎዳ እርምጃ ነው። የሥራ ማቆም መብት በአዋጁ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ቅድመ ማስታወቂያን ጨምሮ በሕጉ የተቀመጠውን ሥርዓት ተከትሎ የሚፈጸም ነው። ያለ ሥርዓት የቀረ ሠራተኛ ትክክለኛ የነበረው ጥያቄው ቀርቶ መቅረቱ መነጋገሪያ ሊሆን ይችላል።

ከድርድሩ በፊት በእጅ መያዝ ያለባቸው ሰነዶች

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ድርድርም ሆነ ክርክር የሚቆመው በሰነድ ላይ ነው። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህ ደብዳቤ በእጁ የሌለ ሠራተኛ ከጭማሪ ጥያቄው በፊት ደብዳቤውን ቢጠይቅ ይመረጣል። በተጨማሪም፦

– የደመወዝ መክፈያ ደረሰኞች ወይም የባንክ መግለጫ፣ መሠረታዊ ደመወዝና አበል ተለይተው የሚታዩበት፤
– ሠራተኛው በየቀኑ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት የመዘገበበት ማስታወሻ፤
– የጭማሪ ጥያቄው ግልባጭ፣ አሠሪው የተቀበለበት ቀን ተመልክቶበት፤
– ስምምነት ከተደረሰ መጠኑን፣ የሚጨመርበትን ቦታና የሚጀምርበትን ቀን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ።

የመጨረሻው ሰነድ ሦስቱም ነጥቦች ካልሰፈሩበት ስምምነቱ ተጠናቋል ሊባል አይችልም። «500 ብር ተጨምሮልሃል» የሚል ደብዳቤ ጭማሪው በደመወዙ ላይ መሆኑን ካልገለጸ ኋላ ላይ አበል ነበር ለሚል ክርክር በር ይከፍታል።

በግል ድርጅት የሚሠሩ ተገልጋዮች ከላይ በተጠቀሱት ጉዳዮች ላይ ምክርና ማብራሪያ ሲፈልጉ፣ የማኅበር ምዝገባ ወይም የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲደረግላቸው ሲሹ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላሉ። ሲሄዱም የተዘረዘሩትን ሰነዶች ይዘው ቢቀርቡ፣ ጥያቄያቸው ያልተከፈለ መብት ወይም የሚደራደሩበት ጭማሪ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ይለይላቸዋል። የ6 ወሩ ይርጋ እየቆጠረ ለሚገኝ ሠራተኛ ያ አንድ ቀን ትርጉም አለው።